ቡታጋዝ ከነጥቀርሻው አይመለስም

አዴ ሩቂያ ያረፉ ዕለት የሰፈራችን ሴቶች መጀመሪያ የጠየቁት ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ አልነበረም። «የእድሩ ቡታጋዝ ንጹሕ ነው?» ነበር ያሉት። ይህን ለቀልድ ብዬ አልጻፍኩትም። ቁልፉን ከልጃቸው ተቀብለን፣ የእድሩን እቃ ቤት ከፍተን እስክናይ ድረስ አንዳችንም አላለቀስንም። ቡታጋዙ ንጹሕ ነበር። የሻይ ማፍያውም ንጹሕ ነበር። ፍሪዘሩ ከመብራት ተነቅሎ፣ ውስጡ ደርቆ፣ ሽታ እንዳይዝ ክዳኑ በእንጨት ስንጥር ገርበብ ብሎ ተቀምጧል። ልቅሶው የተጀመረው ያኔ ነው።

«አዴ» በእኛ በአርሲ በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው፤ ወይዘሮ እንደ ማለት። እኔ ከባለቤቴ ጋር በሥራ ዝውውር ከሸዋ አሰላ ስገባ ሰውን ሁሉ «እትዬ» እል ነበር። አዴ ሩቂያ ግን የአሰላ ተወላጅ ነበሩ። አባታቸው ከዲክሲስ ገብስ እያመጡ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ በወጣትነታቸው ምግብ ቤት ነበራቸው። ምግብ ቤቱን ሲዘጉ የእድሩ እቃ ኃላፊ ሆኑ። ማን እንደ ሾማቸው ስጠይቅ ሰው ሁሉ ሌላውን ይጠቁማል። እኔ እንደሚመስለኝ ራሳቸውን ሾሙ፤ የሚከራከራቸው ሰው ስላልተገኘም ጸና።

እድራችን ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የያዘ ነው። ስለዚህ ብረት ድስቱም የሥጋ መፍጫውም ሁለት ሁለት ነው፤ የሙስሊሙ መያዣው ላይ አረንጓዴ፣ የክርስቲያኑ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ባለ ሦስት ምድጃው ቡታጋዝ፣ በመብራት የሚሠራው ትልቅ የሻይ ማፍያና ፍሪዘሩ ግን የጋራ ናቸው። አዴ ሩቂያ ኃላፊ ሲሆኑ አንዳንድ ሰው «ለአረንጓዴው ያደላሉ» ብሎ አምቶ ነበር። ሐሜቱ የቆየው የገዛ ወንድማቸው ልጅ አረንጓዴውን መፍጫ ስብ በጥርሱ ውስጥ እንደ ደረቀ ይዞ እስኪመጣ ድረስ ነው። በሰው ፊት መለሱት። አብሮት የመጣው ጎረቤት «የራስዎ ሰው አይደለም እንዴ?» ቢላቸው፣ «ጥቀርሻ ሃይማኖትም ዘመድም የለውም» አሉት።

አፈታተሻቸው እንዲህ ነው። እቃው ሲመለስ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ የቤተሰቡን ደህንነት በሁለት ቋንቋ ይጠይቃሉ፣ ነፍስ ይማር ይላሉ። ከዚያ ከጉያቸው አንዲት ነጭ ጨርቅ ያወጣሉ። የቡታጋዙን ከንፈር በታች በኩል፣ ማንም የማያየውን ቦታ፣ አንድ ጊዜ ያብሱታል። ጨርቋ ነጭ ሆና ከወጣች «አላህ ያጽናችሁ» ብለው ይሸኛሉ። ከጠቆረች ምንም አይናገሩም፤ ሐኪም ራጅ እንደሚያሳይ ጨርቋን ወደ ብርሃኑ ዘርግተው ያሳያሉ። ሰውየው ቡታጋዙን ተሸክሞ የመጣበትን መንገድ ይመለሳል። ሰፈራችን ውስጥ ባጃጅ የሚነዳ ተስፋዬ የሚባል ሰው አባቱ በሞተ በሳምንቱ እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ፦ «የአባቴን ሞት እንደምንም ችዬው ነበር። የፍሪዘሩን ጎማ ነው ያልቻልኩት።»

የፍሪዘሩ ጎማ ማለት በክዳኑ ዙሪያ ያለው ነው። እዚያ ጎማ እጥፋት ውስጥ የወጥ ፍንጣሪ ከተቀመጠ ክዳኑ አይገጥምም፤ ካልገጠመ ፍሪዘሩ ሲለፋ ውሎ ሲለፋ ያድራል። አዴ ሩቂያ ይህን የሚያስረዱት በሰው አምሳል ነው፤ «አፉ የማይገጥም ሰው ሲደክም አላየሽም?» ይላሉ። በረዶውን በቢላ የሚፍቅ ሰው እሳቸው ዘንድ ነፍሰ ገዳይ ነው። የሞቀ ውሃ በሳህን አስቀምጠሽ፣ ክዳኑን ዘግተሽ፣ መታገሥ ነው። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሮጡት ሻማ ፍለጋ አልነበረም፤ ሶኬት ሊነቅሉ ነው። «መብራት ሲመለስ እንደ ሰከረ ሰው በሩን ሰብሮ ነው የሚገባው፤ ይረጋጋ፣ ከዚያ እንሰካለን» ይሉ ነበር።

እኔ በቅርብ ያወቅኋቸው ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ነው። ክረምት ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እንባ እምቢ ብሎኝ፣ ዘመዶቼ ተጨንቀው፣ መሬት ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ። አዴ ሩቂያ ከበር ጀምረው በደንብ አልቅሰው ገቡ፣ አጠገቤ ተቀመጡ፣ እጄን ያዙ። ጥቂት ቆይተው አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ። ተነሥተው ወደ ማድ ቤት ሄዱ። እዚያ ያሉትን ሴቶች ዝቅ ባለ ድምፅ ሲቆጡ ሰማሁ። ተመልሰው እንደ ቀድሞው ተቀምጠው፣ እጄን እንደ ቀድሞው ይዘው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና እንዲህ አሉኝ፦

«ምስሩ ገንፍሎ የመካከለኛውን ምድጃ ቀዳዳ ደፍኖት ነበር። አሁን ደህና ነው። አንቺ አልቅሺ።»

ሳቅሁ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ። ለቀስተኛው በመጨረሻ ያለቀስኩ መስሎት ቤቱ በአንድ ጊዜ በእንባ ሞላ። በእውነትም ሳቁ ሲያልቅ እንባው መጣ።

ድንኳኑ በፈረሰ ዕለት እህቶቼ ቡታጋዙን ሊያጥቡ ሲነሡ አዴ ሩቂያ ከለከሏቸው። ምድጃዎቹን ነቅለው አምጥተው እኔ ፊት አስቀመጡና መርፌ ሰጡኝ። «ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ክፈቺ» አሉኝ። እሳቸው ክፈፉን በሙቅ ውሃና በሳሙና ያሻሉ፤ እኔ ቀዳዳ እከፍታለሁ። ስንጨርስ ገጣጥመው ለኮሱት። «ቢጫ ከነደደ ታፍኗል ማለት ነው፤ ድስት ያጠቁራል፣ ጋዝ ይበላል። ሰማያዊ ከነደደ እየተነፈሰ ነው።» ሰማያዊ ነደደ። ያን ሥራ ለምን ለእኔ እንደሰጡኝ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም።

የቁልፉ ነገር የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። መነሻውም የአቶ ኃይሉ ፍሪጅ ነው።

አቶ ኃይሉ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ በግብርና መሥሪያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው። ባለቤታቸው ወርቄ ወዳጄ ናት። ፍሪጃቸው እንደ ሁላችንም ፍሪጅ ሳሎን ነው የሚቀመጠው፤ ጀርባው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ከላይ እስከ ጉልበቱ ዳንቴል ለብሶ፣ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ። ልጃቸውን ለማጨት ከዴራ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት እኛ ጎረቤቶችም ተጠርተን ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አልተቀመጡም፤ የመጡበት ጉዳይ እስኪሰማላቸው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በሳሎኑ መካከል ተሰልፈው ቆመዋል። የመጀመሪያው ሽማግሌ ንግግር ሲጀምር ፍሪጁ አቃሰተ። ሰውየው ድምፁን ከፍ አደረገ። ፍሪጁም ድምፁን ከፍ አደረገ።

አዴ ሩቂያ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ወደ ፍሪጁ ያያሉ፣ ወደ እኔ ያያሉ። በዓይኔ «ተዉ» አልኳቸው። ተነሡ።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ» አሉ። «ከቆማችሁ አይቀር ይቺን ፍሪጅ ከግድግዳው ወዲህ ሳብ አድርጉልኝ። ልትሞት ነው።»

ሽማግሌ በሰው ቤት ልጅ ሊለምን መጥቶ እምቢ አይልም። ሦስቱም ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ፍሪጁን ሳቡ። ከኋላው እንደ በግ ጠጉር የተጋገረ አቧራ፣ አንድ ማንኪያ፣ ሙሽራዋ በሕፃንነቷ የጣለቻት ካልሲና ግማሹ የተጠጣ የአረቄ ጠርሙስ ተገኘ። አቶ ኃይሉ ሐኪም ከከለከላቸው ወዲህ አረቄ እንዳልቀመሱ ወርቄ በየቤቱ ስትመሰክርላቸው ኖራለች።

ጠርሙሱን የሚያነሣው ሰው ጠፋ። አዴ ሩቂያ እሱን አላዩትም እንኳ፤ ከፍሪጁ ጀርባ ያለውን ጥቁር ቱቦ በነጯ ጨርቅ እያበሱ ለወርቄ ያስረዳሉ። «ፍሪጅ የሚተነፍሰው በጀርባው ነው። በጀርባው የሚተነፍስ ፍጡር ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ፣ ፊቱን ደግሞ ዳንቴል አለበሳችሁት። ምን ይሁን?» በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እንግዲህ ከዚህ ቤት የተደበቀ ነገር እንደሌለ በዓይናችን አይተናል፤ ልጅቱን ስጡን» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ልጅቱም ተሰጠች። ፍሪጁም ዝም አለ። ያልሳቁት አቶ ኃይሉ ብቻ ነበሩ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ኃይሉ ለጠቅላላ ስብሰባ ሐሳብ እንደሚያቀርቡ ተሰማ። ቡታጋዙ፣ ማፍያውና ፍሪዘሩ አርጅተዋልና ይሸጡ፤ ልቅሶ ሲኖር ከድንኳን አከራዩ እንከራይ፤ የእቃ ቤቱም ቁልፍ ይመለስ የሚል ነው። «አከራይ በጨርቅ አይፈትሽም» ማለታቸው በሰፈሩ ተወርቶ፣ ብዙ ሰው በልቡ ተስማምቶ ነበር። ቡታጋዙን ተሸክሞ ያልተመለሰ አባወራ ጥቂት ነውና።

አዴ ሩቂያ ይህን የሰሙ ቀን እኔ ቤት መጡ። ምድጃዬን ሳያዩ ተቀመጡ። ያኔ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ።

«ቁልፉን ይውሰዱት፣ ቁልፍ ብረት ነው» አሉኝ። «እቃውን ግን ከሸጡት፣ አንቺ ስትሞቺ ሻይሽን የሚያፈላው የማያውቅሽ ሰው ነው። ሠርግ ይሁን ልቅሶ ሳያጣራ አፍልቶ፣ ማፍያውን ጭኖ ይሄዳል። መከራየት ያልቻለው ደግሞ ለቀስተኛውን በባዶ አፉ ይሸኘው?»

በስብሰባው ላይ ይህንኑ እንዲናገሩ መከርኳቸው። እምቢ አሉ። «እኔ ንግግር አልችልም። ሻዩ ይናገርልኝ።» ሐሳባቸው ማፍያውን እንደ አዲስ ወልውለው ስብሰባው ላይ ሻይ ማቅረብ ነበር። አርጅቷል የተባለውን ሰው አይቶ፣ ቀምሶ ይፍረድ።

ስብሰባው እሑድ ነበር፤ ቅዳሜ ማፍያው ዴራ ከሄደበት ልቅሶ ተመለሰ። ዴራ ቆላ ነው፤ የቆላ ውሃ ማፍያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጥላል። አዴ ሩቂያ ክዳኑን ከፍተው ውስጡን አይተው፣ «ኖራ ቀብተው ላኩት» አሉ። ለዚህ መድኃኒቱ አቼቶና ሎሚ ነው፤ አፍልቶ፣ አሳድሮ፣ ደፍቶ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅና በመጨረሻ ውሃውን መቅመስ። አፍልተው፣ አሳድረው ደፉት። እሑድ ጠዋት ሳገኛቸው የማፍያው ውስጥ ፊት ያሳያል። ችግሩ፣ ያን ቀን ጠዋት የሰፈሩ ቧንቧ ውሃ የለውም። ለሻዩ የተቀመጠው ጀሪካን ብቻ ነው ያለው። አዴ ሩቂያ ጀሪካኑን አዩ፣ ማፍያውን አዩ፣ ከጀሪካኑ ጥቂት ቀንሰው አንድ ጊዜ አለቀለቁ።

«ይበቃል» አሉ።

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

የእድሩ አባላት አዳራሹን ሞሉት። አቶ ኃይሉ ከመናገራቸው በፊት ሻይ ታደለ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ እንደ ክብራቸው ለእሳቸው ሰጧቸው። ፉት አሉ። ዓይናቸው ውሃ አቀረረ። ቁልፉን ሊነጥቁ ነውና ሻዩንም ነቀፉ እንዳይባሉ ፈሩ መሰለኝ፣ «ጥሩ ሻይ ነው» አሉ። ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌ ሐጂ ጠጥተው ጥቂት አሰቡና ቅመሙን አመሰገኑ። ተስፋዬ አንድ ጉንጭ አፉ ውስጥ ይዞ ወዴት እንደሚያደርገው ቸግሮት ጣሪያ ጣሪያ ያያል። እኔም ቀመስኩ። ከማፍያው በታች ባለችው ቧንቧ ውስጥ የተደበቀው አቼቶ አንድም ጠብታ ሳይቀር ወርዷል። ሰው ሁሉ ይጠጣል፣ ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። እድሩን እንዲህ ባለ ስምምነት አይቼው አላውቅም።

አዴ ሩቂያ ሁሉም ከተዳረሰ በኋላ ለራሳቸው ቀድተው ጠጡ። ብርጭቆውን አስቀመጡ። ነጯን ጨርቅ አውጥተው አፋቸውን አበሱባት። ከዚያ ቆሙ።

«ሻዩ አቼቶ አለበት» አሉ። «ማፍያውን በደንብ አላለቀለቅሁትም። ውሃ አልነበረም፤ ውሃ ከሌለ ሻይ ማፍላት አልነበረብኝም። ከእናንተ ቆሽሾ ሲመጣ እመልሳለሁ። ዛሬ ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ።»

ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈትተው አቶ ኃይሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ማፍያውን ሊያጥቡ ይዘው ወጡ።

አቶ ኃይሉ ያልጠበቁት ድል እጃቸው ገባ። እቃው እስኪሸጥ ቁልፉን ማን እንደሚይዝ ጠየቁ። የሚይዘው ሰው አጽድቶ ለገዢ ማሳየት አለበት። አንዷ ወገቧን ያማታል። ሌላው ሥራ ይበዛበታል። ተስፋዬ ቁልፍ የሚባል ነገር እጁ ላይ እንደማይበረክት፣ የባጃጁም ቢሆን ከአንገቱ ጋር የታሰረ መሆኑን አውጥቶ አሳየ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ የሚያየው ሰው እንኳ ጠፋ።

ወርቄ ከሴቶቹ መካከል ሳትነሣ ተናገረች። «ኃይሉ ይያዘው። ከፍሪጅ ጀርባ ምን እንደሚቀመጥ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።»

አዳራሹ ለጥቂት ጊዜ የተሰበሰበበትን ረሳ። ሳቁ ሲበርድ ሐጂ ብርጭቋቸውን ከፍ አድርገው አዩትና፣ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ አቼቶ ጠጥቼ ቅመሙን አመሰገንኩ። ኃይሉም አመሰገነ። ቁልፉን ለእኔና ለኃይሉ ብትሰጡ ምን እንደምናጠጣችሁ እንግዲህ ታውቃላችሁ» አሉ። አቶ ኃይሉም፣ ሐቀኛ ሰው ናቸው፣ ቁልፉን አንሥተው እሳቸው ራሳቸው ወደ ጓሮ ወጡ። የተነጋገሩትን አልሰማሁም። ሲመለሱ የተናገሩት፣ «ውሃ የሚያመጣ ሰው እንፈልጋለን» የሚል ብቻ ነበር። ባጃጁ ሄደ። ሻዩ ዳግመኛ ፈላ። የሽያጩ ነገር ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዴ ሩቂያ አንድ ወግ ጨመሩ። በየልቅሶው፣ ሻይ ቅጠል ከመግባቱ በፊት፣ ከማፍያው ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ባዶ ሙቅ ውሃ ቀድተው በሰው ፊት ይጠጣሉ። ጠጥተው፣ «ውሃ ነው» ይላሉ። ቅጠሉ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

በራሳቸው ታዝያ፣ በልቅሷቸው ዕለት፣ ማፍያው ፈልቶ ሴቶቹ ሻይ ቅጠሉን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። ምን እንደሚጠብቁ ሁሉም ያውቃል። አቶ ኃይሉ ከወንዶቹ ዘንድ ተነሥተው መጡ፣ ቀዱ፣ ጠጡ። «ውሃ ነው» አሉ። ከዚያ ለመሄድ ፈጥነው ዞሩ።

የእድሩ ሰዎች ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ብዙ ስለማልናገር ይሆናል። ነጯም ጨርቅ ታጥባና ታጥፋ አብራ መጣች።

በሳምንቱ ልጃቸው ጀማል ቡታጋዙን ሊመልስ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፣ ልጆች አሉት፤ ኦጎልቾ ከተማ አስተማሪ ነው። ዓይኑ አልተኛም። ሰላም አልኩት፣ ስለ ቤተሰቡ ጠየቅኩት፣ ነፍስ ይማር አልኩ። ከዚያ ጨርቋን አውጥቼ ከመካከለኛው ምድጃ በታች አበስኩ። ጠቆረች።

ራሴ አጥቤ ዝም ልል ነበር። እናቱን የቀበረ ሰው ነው። ግን ያ ክረምትና ያቺ መርፌ ትዝ አሉኝ። ጨርቋን ወደ ብርሃኑ ዘረጋሁለት።

«ጀማል» አልኩት፣ «ቡታጋዝ ከነጥቀርሻው አይመለስም።»

ጨርቋን አየ። እኔን አየ። አፉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ክፉ የሠራሁ መሰለኝ። ሳቁ ነበር። እየሳቀ የእቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ፤ ጥቂት ቆይቶ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። እኔ ወደ ጭላሎ ተራራ አየሁ፤ ደመና ነበር። ሲጨርስ መርፌ ሰጠሁት። እሱ ቀዳዳ ይከፍታል፣ እኔ ክፈፉን አሻለሁ።

ገጣጥመን ስናበቃ፣ «ይለኩሱት፣ እትዬ በላይነሽ» አለኝ።

ለኮስኩት። በመካከለኛው ምድጃ በአንድ በኩል ትንሽ ቢጫ ነበረች። ጀማል ሳልነግረው አጠፋው፣ ምድጃውን ነቀለና መርፌውን እንደገና አነሣ።